የኦኮንክዎ አንድ ማርክ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በየዓመቱ አንድ ልብ ወለድ ከልጆቹ ጋር እናነባለን። የናይጄሪያዊው ደራሲ የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው። ዛሬ የምጽፈው ከዚህ መጽሐፍ ስለወጣ አንድ የሚድ ኤግዛም ጥያቄ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥያቄው ምርጫ ነው። የመጽሐፉን ዋና ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎን ለውድቀት ያበቃው ዋና ምክንያት ምንድን ነው? ኤ ኩራት፣ ቢ ፍርሃት፣ ሲ ዕጣ ፈንታ፣ ዲ የነጮች መምጣት። አንሰር ኪው ኤ ይላል። አንድ ማርክ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው እዚህ ጋ መቸገሩ አይቀርም። አራቱም አሉበት። ኦኮንክዎ ኩሩ ነው፣ ማን ይክዳል? ግን በሽማግሌው በኢዜኡዱ ቀብር ላይ ጠመንጃው ፈንድቶ የሟቹን ልጅ ሲገድል ኩራት የት አለ? አደጋ ነው። በዚያ አደጋ የተነሳ ሰባት ዓመት ወደ እናቱ አገር ወደ ምባንታ ተሰደደ። ሚሲዮናውያኑ መንደሩ የገቡት እሱ በሌለበት ነው። ከ25ቱ ምዕራፎች የመጀመሪያዎቹ 13 ሲያልቁ በመንደሩ በኡሙኦፊያ ውስጥ ገና አንድም ነጭ አልሰፈረም። ሰውየው ግን እስከዚያ ድረስ ቤቱን በገዛ እጁ ብዙ ጎድቶታል።

ፍርሃቱ ከሁሉም ይቀድማል። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት የሚወድ፣ ዕዳ የበዛበት፣ ማዕረግ ሳያገኝ የሞተ ሰው ነው። ልጁ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው እሱን ላለመምሰል ነው። አቼቤ ይህን አልደበቀም። ምዕራፍ 2 ላይ የኦኮንክዎ ሕይወት በሙሉ በፍርሃት የተገዛ እንደነበር፣ የሚፈራውም ውድቀትንና ድክመትን እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ምዕራፍ 7 ላይ ይመለስበታል። ኢኬሜፉና ከሌላ መንደር በካሳ የተሰጠ፣ ሦስት ዓመት እቤቱ ያደገ፣ «አባቴ» የሚለው ልጅ ነው። ልጁ እንዲሞት በተፈረደ ጊዜ ኢዜኡዱ መጥቶ «አባቴ ይልሃልና እጅህን አታስገባ» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ኦኮንክዎ ግን ሄደ። ልጁ «አባቴ፣ ገደሉኝ» እያለ ወደ እሱ ሲሮጥ ቆንጨራውን መዞ የጨረሰው እሱ ነው። ለምን? አቼቤ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ደካማ እንዳይባል ፈርቶ።

ይህን ምዕራፍ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ ድምፄ ይቆራረጣል። በየዓመቱ ነው።

የፈተና ወረቀቱ የተመለሰ ዕለት በእረፍት ሰዓት አንዲት ተማሪ ስታፍ ሩም ድረስ መጣች። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ እጇን አውጥታ አታውቅም። የያዘችው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የሚያነቡት ፎቶ ኮፒ ወይም ከቴሌግራም ያወረዱትን ፒዲኤፍ ነው። ገጹን ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። መስመሩን በቢጫ ቀለም አቅልማዋለች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ፍርሃት ይላል። እዚህም ፍርሃት ይላል። ኩራት ነው ብሎ እንዲህ በግልጽ የተናገረበትን ቦታ ግን ፈልጌ አጣሁ። ያሳዩኝ።»

ይህን የሚያነብ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ምን እንደተሰማኝ ይገባዋል። ልጆቻችን መጽሐፍ ሳይከፍቱ ሾርት ኖት አጥንተው ፈተና የሚያልፉበት ዘመን ላይ ነን። ትራጂክ ፍሎው ማለት ይህ ነው፣ ቲም ማለት ይህ ነው፣ ሴቲንጉ እዚህ ነው፤ ሁለት ገጽ ሸምድዶ መግባት ነው። እዚህች ልጅ እጅ ላይ ግን ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ኅዳጉ በእርሳስ የተሞላ መጽሐፍ አለ። እኔ ምዕራፍ 2ን ሳስተምር የተናገርኩትን አይደለም ይዛ የመጣችው። አቼቤ የጻፈውን ነው። «ትክክል ነሽ» አልኳት። «ቆይ፣ አነጋግርልሻለሁ።»

ፈተናው ለአራቱም ሴክሽን የጋራ፣ ኮመን ኤግዛም ስለሆነ ኪውን ብቻዬን መለወጥ አልችልም። ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊያችን ሄድኩ። በዕድሜም በሥራም በጣም የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ ችግር አለበት።»

«የቱ?»

«የኦኮንክዎ። ቢም ያስኬዳል። እንዲያውም መጽሐፉ የሚደግፈው ቢን ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ገጹን ከፍቼ ዘርግቼላቸዋለሁ፤ ዝቅ ብለው እንኳ አላዩትም።

«ማርኩ ሮስተር ላይ ገብቷል እኮ።»

«ይስተካከላላ።»

«ለአንዷ ብለሽ? ነገ የአራቱ ሴክሽን ልጅ በሙሉ በሬ ላይ ይሰለፋል።»

«መጽሐፍ ይዞ ከመጣ ይሰለፍ። እንድናስተምራቸው የተቀጠርነው ለዚህ አይደል?»

«አየሽ፣ ትራጀዲ ማለት ጀግናው አንድ ጉድለት አለው፤ በዚያ ይወድቃል። ኦኮንክዎ ጉድለቱ ኩራት ነው። ሾርት ኖቱ ላይ አለ። ልጆቹ የተማሩት ይሄን ነው።»

ስለዚህ ሾርት ኖት አንድ ነገር ልበል። በየዓመቱ እየተባዛ ከክፍል ክፍል የሚዞር ወረቀት ነው። ማን እንዳዘጋጀው ስታፉ በሙሉ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ስለ ኢኬሜፉና ያለው አንድ መስመር ነው። ስለ ኡኖካ ምንም የለም። ኡኖካን ሳያነሱ ኦኮንክዎን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ኮሚሽነር ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

አስታውሰውታል። ኦኮንክዎ ራሱን ሰቅሎ ከተገኘ በኋላ እንግሊዛዊው ኮሚሽነር እየሄደ ስለሚጽፈው መጽሐፍ ያስባል። የዚህ ሰው ታሪክ ሙሉ ምዕራፍ ባይሆን እንኳ አንድ ደህና አንቀጽ ይወጣዋል ይላል በሆዱ። ሃያ አራት ምዕራፍ ሙሉ ከሰውየው ጋር ኖረን፣ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን፣ ከድርቅ ዓመት እስከ ትግል ሜዳ አብረነው ከርመን፣ መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ ሰው በአንድ አንቀጽ ሊጨርሰው ሲል እናየዋለን። አቼቤ ይህን መጽሐፍ በ1958 ለንደን ያሳተመው አፍሪካዊን እንደዚያ አሳጥረው የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ አውሮፓውያን ስለ ናይጄሪያ የጻፉትን አንብቦ እንደተቆጣ ራሱ ተናግሯል።

«ኮሚሽነሩ እንኳ አንድ አንቀጽ ሰጥቶታል» አልኳቸው። «እኛ የሰጠነው አንድ ፊደል ነው።»

ዝም አሉ። ያመኑልኝ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «አንቺ ጎበዝ አስተማሪ ነሽ» አሉኝ። «ኪ ግን ኪ ነው። ክርክሩን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይድረሱበት።»

ያናደደኝ የመጨረሻው ቃል ነው። እነዚህ ልጆች ክርክር ይችላሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ምዕራፍ 25ን ያስተማርኩ ቀን ራሱን የገደለ ሰው በመንደሩ ባህል በወገኖቹ እጅ እንደማይቀበር ስነግራቸው አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ «ቲቸር፣ ቴዎድሮስስ?» አለ። ክፍሉ ተናወጠ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣ ንጉሥ በዘፈንና በቲያትር ይወደሳል፤ ኦኮንክዎ ለምን እንደ ውሻ ይጣላል? አንዷ፣ ቴዎድሮስ የገጠመው የውጭ ጦር ነው፣ ኦኮንክዎ ደግሞ የገደለው አንድ የነጮቹ መልእክተኛ ነው አለች። ሌላው ተነስቶ «ቴዎድሮስንም እኮ መጀመሪያ የከዳው የገዛ ሠራዊቱ ነው» አለ። «ኦኮንክዎም መልእክተኛውን ሲገድል ዞር ብሎ ሲያይ ሕዝቡ ሌሎቹን እንዲያመልጡ ትቷቸዋል። ሁለቱም ብቻቸውን ቀሩ።» ይህን ያለው በእንግሊዝኛ ፈተና ከግማሽ በላይ አግኝቶ የማያውቅ ልጅ ነው። በአማርኛ ነው የተናገረው። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው፤ በኮሪደሩ ያለፈ ተቆጣጣሪ ሰምቶ ጽፎብኛል። ይጻፍ። ቃሉ ሲያጥረው ሐሳቡን ዋጥ አድርጎ እንዲቀመጥ አልፈልግም። በማግስቱ ያንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ጽፎ አመጣ። ሰዋስዉን አብረን አረምነው።

ልጅቷን ጠርቼ ማርኩ እንደማይስተካከል ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ፎቶ ኮፒዋን እያጠፈች አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ለፋይናል መጽሐፉን ላንብብ ወይስ ሾርት ኖቱን?»

ከልቧ ነው የጠየቀችው። ምንም ነገር የለበትም። ፈተና አለባት፣ ሰዓቷ ውስን ነው፣ የትኛው እንደሚያዋጣ ማወቅ ፈልጋለች። «መጽሐፉን» አልኳት። ይህን ስል ግን ፋይናሉ እንደ ሚዱ ከሆነ ልጅቷን እያታለልኳት እንደሆነ ታወቀኝ። ቤት ገብቼ ያንን ጥያቄ ከራሴ ማውጣት አቃተኝ። ማርኩን ረስቼዋለሁ። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለአስተማሪዋ፣ ማንበብ ይጠቅመኛል ወይ ብላ የምትጠይቅበት ደረጃ ላይ ያደረስናት እኛ ነን።

ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ስለ ኪው አላነሳሁም። የፋይናሉን የልብ ወለድ ክፍል እኔ ላውጣ አልኳቸው። ምርጫ የለውም። አንድ ጥያቄ ብቻ። ኦኮንክዎን ማን ወይም ምን ጣለው? ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ጠቅሰህ ተከራከር። መጽሐፍ ይዞ መግባት ይቻላል።

«ማን ሊያርመው ነው?»

«እኔ።»

«የአራቱንም ሴክሽን?»

«የአራቱንም።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ «በይ እሺ» አሉ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር።

ማረሙ ከባድ ነበር። ብዙዎቹ የሾርት ኖቱን ኩራት መልሰው ጻፉት። ገሚሱ መጽሐፉን ይዞ ገብቶ ምዕራፍ ማግኘት አቅቶት ሲያገላብጥ ሰዓቱ አልቋል። ግን ደግሞ አንዱ ወረቀት የመጽሐፉ እውነተኛ ትራጀዲ ንዎዬ ነው ይላል፤ ወንድሙ አድርጎ የወደደውን ኢኬሜፉናን አባቱ እንደገደለበት አውቆ፣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ዘንድ የሄደው የኦኮንክዎ ልጅ። አንዷ ስለ ኡኖካ ብቻ ሁለት ገጽ ጽፋለች፤ ያን ዋሽንት ነፊ ልጁ ቢወደው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብላ። ቴዎድሮስን ያነሳው ልጅ አሁንም በሰዋስው ተሰባብሯል፤ ሐሳቡ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ዝምተኛዋ ልጅ ፍርሃትን ትታዋለች። መንደሩ ነው የጣለው አለች። የኦኮንክዎን ወዳጅ የኦቢዬሪካን ንግግር ይዛ፣ ምዕራፍ 24ን ይዛ፣ ኡሙኦፊያ ጀግናዋን ለብቻው ተወችው ብላ ጻፈች። እኔ አልተስማማሁም። ሰውየው ከመንደሩ በፊት ራሱን የጣለ ይመስለኛል። አጻጻፏ ጥሩ ስለሆነ ሙሉ ማርክ ሰጠኋትና ጠርዙ ላይ «ምዕራፍ 7ን እንደገና አንብቢ፤ ያን ቀን መንደሩ አላስገደደውም» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀት በተመለሰ ማግስት እረፍት ላይ ስታፍ ሩም መጣች። ማርክ የሚቀራት ነገር የለም። የመጣችው ማስታወሻዬን ልትከራከር ነው። ልጁ እንዲሞት የፈረደውስ ማን ሆነና ነው አለችኝ፤ ሽማግሌዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው አይደል የነገሩት? ኢዜኡዱ አትሂድ ብሎት ነበር እኮ አልኳት። እሱ አንድ ሰው ነው፣ መንደሩ ግን ብዙ ነው አለችኝ። ደወሉ ተደውሎም አላቆምንም፤ እሷ የሒሳብ ክፍሏ እስኪያልፋት፣ እኔ ክፍል እስክዘገይ ድረስ። አላሳመነችኝም። እኔም አላሳመንኳትም።