ፖርት 80 እና «ሱዶ ጨምሪበት»

አዲስ ላፕቶፕ የተሰጣት ባልደረባችን ፕሮጀክቱን ልታስነሳ ብትሞክር ኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለብቻው የሚሠራበት ሳጥን) አልነሳ አላት። ሰርቨሩ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ያው ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ቅጂ)፣ ያው ትእዛዝ ነው። ልዩነቱ ሊኑክስ ላፕቶፗ ላይ የተጫነው የኮንቴይነር ማስነሻ ፖድማን መሆኑ ነው። እሷም የምታስነሳው በራሷ ስም እንጂ በሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) አይደለም።

ከቢሮው መልሱ ቶሎ መጣ፦ «ሱዶ ጨምሪበት!» ትእዛዙን በሩት ሥልጣን አስኪጂው ማለት ነው።

ጨመረችበት፤ ተነሳ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖድማን የሩትንና የተራ ተጠቃሚውን ኢሜጆች ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ያወረደችውን ኢሜጅ በሱዶ ሲሆን አላገኘውም፤ እንደ አዲስ ማውረድ ጀመረ። ይባስ ብሎ ኮንቴይነሩ ፕሮጀክቱ ውስጥ የፈጠራቸው ፎልደሮች ባለቤታቸው ሩት ሆነ። በራሷ ስም ልታጸዳቸው ብትል እምቢ አሏት።

እኔ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረግነው ኤረሩን ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። ሁሉንም ይናገራል፦ 80 ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ነው፣ አሁን ያለው ወሰን 1024 ነው፣ ወይ ወሰኑን ዝቅ አድርጉ ወይ ከ1024 ጀምሮ ያለ ቁጥር ምረጡ። መጨረሻው «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለም) ይላል። ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞት ቢሆን ኖሮ «አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» (አድራሻው ተይዟል) ነበር የሚለው። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው።

ወሰኑ ብዙ ሰው አንድ ማሽን ይጋራ ከነበረበት ከዩኒክስ ዘመን የመጣ ነው። ተራ ተጠቃሚ የማሽኑን አገልግሎት መስሎ እንዳይቀርብ ከ1024 በታች ያሉት ለሩት ተተዉ።

ትእዛዙ ላይ «80:80» ሲባል ግራው የኮምፒውተሩ፣ ቀኙ የኮንቴይነሩ ነው። እዚህ የሚከለከለው ግራው ብቻ ነው። 8080:80 አደረግነው፤ ወዲያው ተነሳ። ኮንቴይነሩ ውስጥ የተነካ ነገር የለም። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል።

እኛ ግን የሎግኢን አገልግሎቱ የሚመልስበት አድራሻ ያለ ፖርት ቁጥር ስለተመዘገበ (ቁጥር ከሌለው የኤችቲቲፒ አድራሻ ብራውዘር ወደ 80 ነው የሚሄደው) 80 የግድ ሆነብን። «አንፕሪቪሌጅድ ፖርት ስታርት» የሚባለውን፣ ወሰኑን የሚወስነውን የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሴቲንግ ወደ 80 አወረድነው። በትእዛዝ ብቻ ከተቀየረ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ የከርነል ሴቲንጎች በሚነበቡበት በሲስሲቲኤል ዲ ፎልደር ውስጥ በፋይል አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ላፕቶፕ ላይ ማንም ተጠቃሚ ከ80 ጀምሮ ያለውን መክፈት ይችላል። ላፕቶፑ የእሷ ብቻ ስለሆነ አልሰጋሁም። ብዙ ሰው የሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን አልፈቅድም፤ እዚያ ከፊት ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ይቁም።