አቡ ዳቢ ደርሶ መልስ፣ ደሴ ላይ ሆኜ ስተርከው

ደሴ ከገባሁ ሳምንቴ ነው፣ ዛሬም እማ ቡናውን አቅርባ "እስኪ ያን መስጊድ ያየሽበትን ንገሪን" አለችኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ዱባይ እየሰራሁ በእረፍት ቀኔ ከኢብን ባቱታ ጣቢያ በ25 ድርሃም ባስ ተሳፍሬ አቡ ዳቢ የሄድኩባትን ቀን ነው የምትለው።

መንገዱማ ምን ይወራል፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ኤሲው ያንቀጠቅጣል። የኛ ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ግን ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ከብርዱ ወጥታችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ ሳታስቡት ዘመድ ታፈራላችሁ፤ እዛ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ኤርፎኗን ሰክታ እስክንወርድ ዝም።

ሼኽ ዛይድ መስጊድ ግን ወላሂ! 82 ጉልላት፣ ነጭ እብነበረድ፣ ሰዉ ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እኔ አንዱ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ስመለስ ሰልፉ ረዝሞ ሁለት ባስ አለፈኝ፣ ቤት የደረስኩት እኩለ ሌሊት፣ በነጋታው ስራ።

እማ ስኒዋን አስቀምጣ "ከኛ ሸዋበር መስጊድ ይበልጣል?" አለች። አይ እማ፣ አብሽሪ አልኳት።