ቆሎው ከወለል ይነሳልኝ

ልጄ ጥርስ እያበቀለ ነው። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያገኘው ሁሉ ወደ አፍ ነው፤ የቻርጀር ገመድ፣ የነጠላዬ ጥለት፣ አገጬ ሳይቀር። ከታች ሁለቱ ብቅ ብለዋል። ሲጠባ ሲነክሰኝ ነፍሴ ውልቅ ትላለች።

ምግብ የጀመርንለት 6 ወር ሲሞላው ነው፣ ጡቱ እንዳለ ሆኖ። ገንፎም የተፈጨ ድንችም በማንኪያ ይበላ ነበር፤ አሁን ማንኪያውን እየነጠቀ አላስበላ አለኝ። በቃ በእጅህ ብላ አልኩት።

የኔ መለኪያ ቀላል ናት። በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርገው የማይፈርስ ነገር አልሰጠውም። ካሮትና ስኳር ድንች በደንብ ቀቅዬ በጣቴ ልክ ረዘም አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ገና በሙሉ መዳፉ ስለሚጨብጥ ጫፉ ከጭብጡ ካልወጣ የሚበላው የለውም። ሙዝ ያሟልጨዋል፤ ልጣጩን አጥቤ ግማሹን ብቻ እልጥለትና የቀረው እጀታ ይሆነዋል። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። አቮካዶውን በብዛት የሚበላው ግድግዳው ነው።

«ጥርስ ካወጣማ ምን ያቅተዋል?» ይሉኛል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው እኮ! የፊት ጥርስ ይቆርጣል እንጂ አያደቅም፤ ማድቀቂያው መንጋጋ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ጥሬ ካሮት ወይ ፖም ቢያገኝ ገምጦ ቁራጩን እንዳለ ሊውጠው ነው።

ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ነኝ፣ ስልኬ ሌላ ክፍል። አንዳንዴ ኧክ ኧክ ይላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስልና ይተፋዋል። ያኔ እጄን ሰብስቤ አያለሁ። ክፉው ዝምታው ነው፤ ታንቆ ማልቀስም ማሳልም ሲያቅተው። ክትባት ስናስከትብ ነርሷን ጠይቄ አሳይታኛለች፦ በክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱ መሃል 5 ጊዜ መጫን፣ እንዲህ እያፈራረቁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። በጭፍን ጣት መክተት የለም፣ የባሰ ይገፋዋል።

መካሪው ብዙ ነው። «ድዱን ማር ቀቢው» ይላሉ። ዓመት ሳይሞላው ማር የለም፤ ንጹህ የተባለውም ቢሆን የሕፃን አንጀት የማይቋቋመው ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ንጹህ ጨርቅ በውሃ አርሼ ፍሪጅ ውስጥ አቀዘቅዝለትና እሱን ይነክሳል። ትንሽ ሲያስቀምጠው ደግሞ አንዲት የሰፈር እናት «የወተት ጥርሱ ነው፣ ይነቀልለት» አሉኝ። እኔ ሞቼ ነው የሚነካው! መሬት ለመሬት እየዳኸ እጁን የሚልስ ልጅ ሆዱ ቢበላሽ ጥርሱ ምን አደረገ? ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ እየሰጠሁ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ትልቁ ትግል ግን ቡና ነው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቆሎው ይዘገናል፣ ፈንዲሻው ይረጫል፣ ኦቾሎኒው ከእንግዳ እጅ ያመልጣል፣ ልጄ ደግሞ ከቄጤማው ጋር አፍሶ ወደ አፉ። አንዲት ፍሬ ሽምብራ ትበቃለች። ስለዚህ እኛ ቤት ቄጤማ ቀርቷል፣ ቆሎ ከፍ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ፈንዲሻ ልጁ ሲተኛ። ቅር ያላቸው አሉ። ይለፍላቸዋል።