ያለቀ ናሙና

ከትናንት ጀምሮ ድብርት ተጫጭኖኛል። የሐምሌ ዝናብ ያመጣው ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ ነገር ግን ጠረጴዛዬ ላይ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ሻፍት የሚባለው የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ የራሱ ድርሻ እንዳለው አልጠፋኝም። ቡሹን ያሠራሁለት የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ «ሻፍቱ ውስጡ ይጫወታል፤ ልኩ 40 ነው» ብሎ በሾፌር መልሶልኛል።

አውጥቼ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ለዐይን ነውር የለበትም፤ ብረት የሚቀርጸው የቶርኖ ቢላ የተወው መስመር እንኳ በጥፍር ካልዳሰሱት አይታወቅም። ይሁንና ለ40 ሚሊሜትር ቀዳዳ ኤች7 በተባለው የልኬት ትክክለኛነት ደረጃ የሚፈቀደው ልክ ከ40 እስከ 40.025 ብቻ ሲሆን፣ ቡሹን የሠሩልኝ ሽማግሌ ባለቶርኖ የሚለኩበት ካሊብሮ ደግሞ ከ0.05 በታች አያነብም፤ ስለዚህ የተፈቀደው ልዩነት በሙሉ ከአንድ ጭረት ወደ ሌላው ሳይደርስ ተውጦ ይቀራል።

ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ መጣል ግን አልቻልኩም። ስደውልላቸው ሳይቆጡ «ልጄ፣ እኔ የሠራሁት ያመጣህልኝን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደንበኛው የሰጠኝ ንድፍ ሳይሆን ዓመታት ያገለገለ አሮጌ ቡሽ ነበር፤ እኛም ያለቀውን ለክተን፣ ማለቁንም ሳናስቀር በአዲስ ነሐስ ቀዳነው። ቢሾፍቱ ድረስ ወርዶ ሻፍቱን መለካት የእኔ ፋንታ ነበር፤ ሰነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ቡሹን ትቶ ወደ ገዛ ድርጅቴ ዞረ። እኔስ ከምን ቀዳሁ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ ሜሪላንድ የተመሠረተውን ዞሜትሪን አይቼ አይደለምን? እዚያ ገዢው የዕቃውን ንድፍ በኮምፒውተር ይልካል፣ ዋጋው ወዲያው ተሰልቶ ይመጣለታል፣ ሥራውም ማሽን ላላቸው አምራቾች ይከፋፈላል። እኔም «ንድፍዎን እዚህ ይጫኑ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ያለበት የሚያምር ገጽ አሠራሁ። እስካሁን ያንን ቁልፍ የነኩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቀሩት የተሰበረ የማሽን ጥርስ ከእስክሪብቶ አጠገብ አስቀምጠው ፎቶውን በቴሌግራም ይልካሉ፣ ወይም እንደዚህኛው በፌስታል ይሰጡኛል። የድርጅት ማቅረቢያዬ «ዲጂታል የማምረቻ መድረክ» ይላል፤ እናቴ ግን ሰው ሲጠይቃት «ብረት ያመላልሳል» ትላለች። ለእውነቱ የቀረበችው እርሷ ናት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ዕለትም እንዲሁ ተሳስቻለሁ፤ ከውጭ ማስመጣት ሲወደድ ገዢው ሁሉ ወደ አገር ውስጥ ባለቶርኖ ይዞራል ብዬ ስደሰት፣ ነሐሱም በዶላር እንደሚገባ ያስታወሱኝ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው።

ለእርሳቸው ከካሊብሮ የረቀቀ መለኪያ የሆነውን ማይክሮሜትር ልግዛላቸው ወይስ በአርባ ዓመት ሥራቸው ላይ መሣለቅ ይሆንብኛል በሚለው ላይ ስብሰለሰል መሸ። ለጥገና ኃላፊው መልስ እንዳልሰጠሁት ትዝ ያለኝ አሁን ነው። እስከዚያው ግን ያንን አረንጓዴ ቁልፍ «ፌስታልዎን እዚህ ያስቀምጡ» ብዬ ልቀይረው ይሆን?