አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሚጠፋው ዋይፋይ

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፈ። ሥራው ሲያልቅ በግድግዳው ሥር ይሄድ የነበረው የኔትወርክ ገመድ ግማሹ ተቆርጧል፣ ግማሹ ሴራሚክ ውስጥ ቀርቷል። ባለቤቱ ሀጂ በዚህ የሚደናገጡ ሰው አይደሉም። "አሁን ማን ገመድ ሲጎትት ይኖራል? ሁሉም በዋይፋይ ይሁን" አሉ። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ እጅ ጥፍር የሚያካክሉ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተሮች አስገዙና ጠሩኝ።

"ዕቃው ተገዝቷል፤ ያንተ ሥራ መሰካት ብቻ ነው" አሉኝ።

መሰካት ብቻ ቢሆን እኔ ምን በልቼ አድር ነበር? ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው የቆዩ ዴስክቶፖች ናቸው። አዳፕተሩ ሲሰካ "ድራይቨር የለም" ይላል፤ ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም የለም ማለቱ ነው። ድራይቨሩ ከዕቃው ጋር የመጣች ትንሽዬ ሲዲ ላይ አለ፤ የሲዲ ማንበቢያዎቹ ግን ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ከኢንተርኔት ላውርድ ቢሉ፣ ድራይቨሩ የተፈለገው ኢንተርኔት ለማግኘት ነው።

እንዲህ ሲሆን የሚያወጣው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለው፣ ይበራል። ዊንዶውስ 7 ብዙ ጊዜ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ስለሆነ ሞባይል ዳታም አይበላም። ድራይቨሩን በዚህ መንገድ አወረድኩና በፍላሽ ለሌሎቹ አዳረስኩ። ሁሉም ተገናኙ። ቡና ተፈላ፣ ተመረቅሁ፣ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተደወለ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ዋይፋዩ ይጠፋል። ጠዋት ደህና ነው። አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ልክ መውጫ ሲቃረብ፣ ድርግም።

የቢሮው ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ጨርሶታል። አንዱ "መስመሩ ነው፣ ማታ ማታ ሰው ይበዛበታል" ይላል። ሌላው "አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው" ይላል። ሀጂ ደግሞ ግድግዳውን ያማሉ። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ ግንቡ ወፍራም ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ዋይፋይ እንደሚያዳክም እውነት ነው። ግን ግድግዳ ጠዋት ቀጥኖ ማታ አይወፍርም።

"ስልክሽ በዚያ ሰዓት ይሠራል?" አልኳት።

"ስልኬማ ምንም አይሆንም።"

በዚህ መስመሩም ራውተሩም ነፃ ወጡ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሲደርስ መሳቢያዋን ከፍታ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አወጣች። የቀኑን ሂሳብ ባክአፕ ልታደርግ ነው። ጎንበስ አለችና ከሲፒዩው ጀርባ፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰካችው፤ ከዋይፋይ አዳፕተሩ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነው። የሲግናሉ መስመሮች ወርደው አንድ ቀረ። ቀጥሎ ቀይ ኤክስ መጣ።

"አቋርጪውና ንቀይው" አልኳት።

"ገና መጀመሩ ነው እኮ።"

"ግድ የለም፣ ንቀይው።"

ነቀለች። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

"ወይኔ! እኔ ነኛ ለካ ቢሮውን ሁሉ ሳማ የነበርኩት!" ብላ ሳቀች።

እሷ ምን አጠፋች? ሰማያዊው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3.0 ነው፤ ዳታ የሚያመላልሰው በሴኮንድ እስከ 5 ጊጋቢት ነው። በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ከመሰኪያውና ከገመዱ የሬዲዮ ረብሻ ይወጣል። ረብሻው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይወድቃል፣ ማለትም ተራ ዋይፋይ የሚሠራበት ቦታ ላይ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥቷል። እነዚያ ትንንሽ አዳፕተሮች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው፣ አንቴናቸውም ሆዳቸው ውስጥ ነው። ከሃርድ ዲስኩ ጎን ማስቀመጥ ጆሮ ሥር ከበሮ እየመቱ ሹክሹክታ ስማ እንደማለት ነው።

መፍትሔው የአንድ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ሆነ። አዳፕተሩን ከሲፒዩው ጀርባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ሃርድ ዲስኩን ደግሞ ወደ ጥቁሩ፣ ወደ ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ አዛወርኩት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግን የአንድ ቀን ሂሳብ ስንት ሊከብድ ነው? የሚገርመው ሃርድ ዲስኩ ሳይሰካም ሲግናሉ ከበፊቱ ተሻለ። ለካ አዳፕተሩ በቆርቆሮውና በግንቡ መሀል ተወትፎ ነበር የሚሠራው። የሌሎቹንም እንዲሁ አወጣሁ።

ሀጂ ግን ገመድ መንጠልጠሉ አልጣማቸውም። "ይሄን ተወውና ውስጥ የሚገባውን ካርድ እናስመጣ" አሉ። ክዳን ከፍቼ አሳየኋቸው። አንዱ ማዘርቦርድ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ የድሮው ረጅም ፒሲአይ ስሎት ነው። ሌላው አጭሩ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አለው፣ ካሱ ግን ቀጭን ስለሆነ ካርዱ አጭር ብረት ካልተገጠመለት አይገባም። ሳይከፍቱ የገዙትን ካርድ ለመመለስ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞስ ቢገባ፣ አብዛኞቹ ካርዶች አንቴናቸው የሚወጣው በዚያው በጀርባ፣ በግንቡ በኩል ነው። ያለመድነው ቦታ አይደለም።

መጋዘኑ በኩል ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች በገመዱም አልዳኑም፤ ግንቡ ድርብ ይሆንባቸዋል። እዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ራውተር ነበር። ክላይንት ሞድ የሚባለው ነበረውና በሩ በላይ ሰቀልኩት። ዋይፋዩን እሱ ይቀበላል፣ ለሁለቱ በአጭር ገመድ ይሰጣል። ኮምፒውተሮቹ በገመድ የተገናኙ ስለሚመስላቸው ድራይቨር አይጠይቁም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሁለት ሦስት ያረጁ ኮምፒውተሮች አንድ ላይ ካሉ አዳፕተር ከመግዛት ይሄንን እመርጣለሁ።

በዚህ ምክንያት ሁለት አዳፕተር ተረፈ። ሀጂ አንዱን ለኔ ሸጡልኝ፤ በገዙበት ዋጋ፣ የትራንስፖርቱንም ጨምረው።