ቅቤ ተውኩ፣ ጉበቴ ባሰበት

ይህን የምጽፈው በ2014 ዓ.ም. አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ስለማላባክን ነው።

ጉበቴ ስብ መያዙ የታወቀው መሥሪያ ቤታችን ለዓመታዊ ምርመራ ልኮን ነው። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ዕድሜዬ 42፣ ክብደቴ 94 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ71። ባለሙያው መሣሪያውን ከጎድኔ ሥር እያንሸራተተ "መጠጥ ታበዛለህ?" አለኝ። ለበዓል ከምቀምሳት ጠላ በቀር መጠጥ አላውቅም። ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። አላመነኝም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጉበት ላይ ስብ ሲባል ሰው ሁሉ አረቄ ይመስለዋል። በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም የጉበት ሐኪሞች የበሽታውን ስም ቀይረው ከሜታቦሊዝም (ሰውነት ስኳርና ስብን ከሚጠቀምበት ሥርዓት) ችግር ጋር አያይዘውታል። በዚያን ቀን ግን ባለሙያው እስትንፋሴን የሚያሸት ይመስል ነበር።

ሐኪሙ ጋ ስገባ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ "ጉበትህ ትንሽ ስብ ይዟል፤ ኢንዛይምህ ግን ኖርማል ነው። አታስብ። ቅባት ተው" አለኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወገቤን አልለካም። ስለ ስኳር አልጠየቀኝም። ምን እንደምጠጣ አልጠየቀኝም። ቅባት ተው፣ በቃ።

እኔ ደግሞ የተባልኩትን የማደርግ ሰው ነኝ። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። በማግሥቱ ሽሮው ላይ ጠብ የምታደርጋት ቅቤ ቀረች። ክትፎ ተውኩ። ቁርጥ ተውኩ። ለፋሲካ ዶሮው ሲቀርብ እንቁላሉን አውጥቼ ለልጆቹ ሰጠሁ። ጓደኞቼ ጥሬ ሥጋ ቤት ሲሄዱ እኔ ፓስታ አዝዤ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሰው ግን ምንም ሳይበላ አይውልም። የቅቤውን ቦታ ምን ያዘው? ጠዋት ሁለት ዳቦ በማር። ቀን ፓስታ ወይም ሩዝ። አሥር ሰዓት ላይ ከቢሮ ወረድ ብዬ ጁስ ቤት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ማንጎ። ፍራፍሬ ነው፣ ጤና ነው ብዬ። ልጁ ከላይ ሽሮፕ ሲያፈስበት እያየሁ እንኳን ምንም አልመሰለኝም። ማኪያቶዬ ሦስት ማንኪያ ስኳር አላት። ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ፤ 55 ቀን ሙሉ ቅቤ የሚባል የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሙን የምፈታው በለስላሳና በዳቦ ነበር። ሐኪሙ ቢያየኝ የሚያመሰግነኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ሄደ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ሸሸ። ዘመድ ሲያገኘኝ "ተመችቶሃል" ይለኛል፤ እኛ ዘንድ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው። ሚዛን ላይ ስወጣ 98 ኪሎ። ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር የጉበት ኢንዛይሙ (ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው) 61 ሆኗል፤ መጀመሪያ 38 ነበር። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 6.1 ነው፤ የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። አልትራሳውንዱ "ደረጃ ሁለት" አለ፤ መካከለኛ ስብ ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ቅቤ ትቼ!

ይቺኛዋ ዶክተር ወጣት ናት። ወረቀቱን ከማየቷ በፊት "እስቲ ይቁሙ፣ ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉ" ብላ ከመሳቢያ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። ቢጫ ነው፣ ጫፉ ያለቀ። እምብርቴ ላይ ዞር አድርጋ "ትንፋሽዎን ይልቀቁ" አለች። 109 ሳንቲ ሜትር። ለወንድ ከ94 ካለፈ መጠንቀቅ ይገባል አለችኝ። ከዚያ የላቦራቶሪ ወረቀቴን ገልብጣ ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። ያ ወረቀት አሁንም አለኝ።

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። የስብ ሴል ጆንያ ነው። ስብ ስናተርፍ ይሞላል። ሞልቶ ሲወጠር ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ኦክስጅን ያጥረዋል። አንዳንዱ ይሞታል። ሬሳውን ሊያነሱ ነጭ የደም ሴሎች ይመጣሉ፣ ዙሪያውን ይከቡታል፣ ብግነት (የውስጥ መቆጣት) የሚያመጣ ኬሚካል ይረጫሉ። ስለዚህ ቦርጭ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስብ አይደለም። በውስጡ የተዳፈነ እሳት አለ። ትኩሳት የለውም፣ አያምም፣ ግን ቀን ከሌት ይጨሳል።

ጭሱ የት ይሄዳል? ከአንጀት ዙሪያ የሚነሳው ደም በቀጥታ የሚገባው ጉበት ውስጥ ነው። ኬሚካሉም አብሮ ይገባል። የባሰው ደግሞ የኢንሱሊን ነገር ነው። ኢንሱሊን ስቡን ጆንያው ውስጥ ቆልፎ ይይዛል። የተቃጠለ የስብ ሴል ኢንሱሊንን አይሰማም። ቁልፉ ሲላላ ስቡ እየፈሰሰ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበትን የሚጠብቅ አዲፖኔክቲን የሚባል ሆርሞንም አለ፤ የሚሠራው ራሱ የስብ ሴሉ ነው። ቦርጭ ሲያድግ እሱ ይቀንሳል።

ከዚያ ሦስት ቁጥር ጻፈችልኝ። ስብ የያዘ ጉበት ውስጥ ካለው ስብ ከመቶ 60 ያህሉ የሚመጣው ሰውነት ላይ ከተጠራቀመው ስብ ነው። 25 ያህሉን ጉበቱ ራሱ በተለይ ከስኳርና ከዱቄት ይሠራዋል። ከምንበላው ቅባት በቀጥታ የሚደርሰው 15 ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የታገልኩት ከአሥራ አምስቷ ጋር ነበር። ሌሎቹን ሁለቱን በገዛ እጄ በማንጎ እያጠጣሁ።

በዚያ ቀን የተናደድኩት በመጀመሪያው ሐኪም ብቻ አይደለም። በራሴም ነው። ቁጥሬ እየወጣ እያየሁ "ተነግሮኛል" ብዬ አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ጉበት ጠባሳ መያዝ አለመያዙን ለመገመት ውድ ምርመራ ቅድሚያ አያስፈልግም። ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ። ዕድሜን ኤኤስቲ በተባለው የጉበት ኢንዛይም ታባዙታላችሁ፤ ከዚያ ፕሌትሌትን (ደም የሚያረጉትን ሴሎች ቁጥር) ኤኤልቲ በተባለው ሌላ የጉበት ኢንዛይም ስኩዌር ሩት አባዝታችሁ በዚያ ታካፍሉታላችሁ። ከ1.3 በታች ከሆነ አደገኛ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። የእኔ በዚያ ቀን 1.06 መጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አራቱም ቁጥሮች የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ነበሩ። ማንም አላሰላቸውም። "ኢንዛይምህ ኖርማል ነው" ተባልኩ እንጂ። ኢንዛይም ኖርማል ሆኖ ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል ለካ የታወቀ ነገር ነው!

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጁስና ለስላሳ በዚያው ቀን ተውኩ። ስኳር ከቡናዬ በሦስት ሳምንት ወጣ። እንጀራ ከሁለት ተኩል ወደ አንድ። ጎመን፣ ምስር፣ እንቁላል በዛ። ከሥራ ስወጣ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በእግሬ። በአሥር ወር 87 ኪሎ ገባሁ። ኢንዛይሙ 29 ሆነ፣ አልትራሳውንዱ ስብ የለም አለ። ከክብደት ከመቶ 5 መቀነስ የጉበት ስብ ያራግፋል፤ ብግነቱ እንዲበርድ 7 እስከ 10 ያስፈልጋል። በፍጥነት አትክሱ፤ በረሃብ ኪሎ መጣል የሐሞት ጠጠር ያመጣል፣ ጉበቱንም ሊያውከው ይችላል።

ቅቤ እንዳሻችሁ ብሉ እያልኩ አይደለም፤ ቅቤም ሲበዛ ጉበት ላይ ስብ ይጨምራል። ግን "ቅባት ተው" ብሎ ሰው የሚሸኝ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ጉበት ያጥባል እየተባለ የሚሸጠውን ቅጠልና ክኒን ደግሞ አትንኩት፤ ከውስጡ ጉበት የሚያቃጥል አይጠፋም። ሚዛን ብቻ አትመኑ፣ ሜትር ግዙ። እኔ በር ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

እናቴ አሁን "ከሳህብኝ፣ ደብቀኸኝ ነው እንጂ ታመሃል" ትለኛለች። ለበዓል ዶሮው ላይ ቅቤ መልሳለች፤ እንቁላሌን እበላለሁ።

ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሜ ቤት መጣ። ሜትሩን አውርጄ ለካሁት። 104። ለስላሳውን እንደያዘ "እኔ እኮ ባለፈው ተመርምሬያለሁ፣ ኢንዛይሜ ኖርማል ነው" አለኝ። የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ማክሰኞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። አብሬው ቁጭ ብዬ አሰላለታለሁ።