የጣርማ በር ዳገትና የካምቢዮ ሙቀት

ዛሬ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ፣ ጭነት የከበደው መኪና ተከትለን ስናዘግም፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮዬ ዘይት ከ90 ወደ 115 ዲግሪ ሲያሻቅብ በመለኪያው ተመለከትኩ። ሙቀቱን በዋነኛነት የሚፈጥረው ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል ነው፤ ሞተሩ በኃይል እየዞረ መኪናው ካልፈጠነ፣ ጎማ ያልደረሰው ጉልበት ዘይቱን እየናጠ ያግለዋል። የእሽቅድምድም መኪና መካኒኮች ኮንቨርተሩ እንዲቆልፍ (ሞተሩና ካምቢዮው ያለ መንሸራተት አብረው እንዲዞሩ) የሚያደርጉት፣ ከራዲያተሩ የተለየ ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣም ከነማራገቢያው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ የሚገጥሙት ለዚሁ ነው። የጣርማ በር ብርድ ግን ያታልላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቀዝቃዛም ቢሆን ከማቀዝቀዣው የሚወስደው ሙቀት ከብርዱ እንደሚጠበቀው ያህል አይደለም። ዳር ይዤ ቆምኩና፣ ፓምፑ ዘይቱን ማዘዋወሩን እንዲቀጥል ሞተሩን ሳላጠፋ ማርሹን ኒውትራል ላይ አደረግሁ። በኋላ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዤ ሳየው ዘይቱ ቀይ ነበር፤ ቡናማ ሆኖ ቢሸት ኖሮ ደብረ ብርሃን ስደርስ አስቀይረው ነበር።